ለእግረኛ የሚመች ሰፈር እንዴት ይነደፋል? ለኮንዶሚኒየም ሳይቶችና ለአዳዲስ መንደሮች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በአዲስ አበባ በየቀኑ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የማያንሰው የሚፈጸመው በእግር ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ወደ ጉልት፣ ሠራተኛው ወደ ታክሲ ተራ የሚደርሱት በእግራቸው ነው፤ በመኪና የሚሄደው ሰው እንኳ ከመኪናው ሲወርድ እግረኛ ይሆናል። ይህን እያወቅን ሰፈር ስንነድፍ አስቀድመን የምናሰምረው የመኪናውን መንገድ ነው፤ ለእግረኛው የሚቀረው ከአስፋልቱና ከአጥሩ መካከል የተረፈው ቁራሽ መሬት ይሆናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ለሳይት ኮሚቴዎች፣ ለወረዳ የፕላን ባለሙያዎች፣ ለወጣት አርክቴክቶችና ሰፈራቸው እንዲለወጥ ለሚፈልጉ ነዋሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ወዲህ በየአቅጣጫው ከተገነቡት የአዲስ አበባ ሳይቶች ነው፤ ሆኖም አሠራሩ ለሐዋሳም ለደሴም ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት መሠረታዊውን ሐሳብ ልናገር። ሰው በየቀኑ የሚረግጠው አቋራጭ ከማንኛውም ባለሙያ ካርታ ይልቅ ስለ ሰፈሩ እውነቱን ይናገራል። ሣሩ ተረግጦ የጠፋበት መስመር፣ ሰው ሊያልፍበት የተጣመመ የአጥር ብረት፣ በቦዩ ላይ የተጋደመ እንጨት፣ እነዚህ ሁሉ ነዋሪው በእግሩ የጻፋቸው ማመልከቻዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚነሡት ያንን ማመልከቻ አንብቦ ምላሽ ከመስጠት ነው።

ደረጃ 1፦ የሰፈሩን ስፋት በእግር ይለኩ

ጤነኛ ጎልማሳ በሜዳ ላይ በመደበኛ እርምጃ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 400 ሜትር የአምስት ደቂቃ፣ 800 ሜትር ደግሞ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አምስት ደቂቃ ማለት አንድ ሰው ጫማ ሳይቀይር ነጠላ ጣል አድርጎ ብቅ ብሎ የሚመለስበት ርቀት ነው። ከአንድ መሃል ነጥብ በየአቅጣጫው 400 ሜትር የሚዘረጋ ክብ ወደ 50 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይይዛል። በግንብ የተከበበው የሐረር ጁገል ስፋት 48 ሄክታር መሆኑን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ከዘመናዊ የፕላን ትምህርት ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተሠራ ከተማ የእግረኛን ልክ ጠብቆ ይገኛል። በጁገል ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ተነሥተው ወደ መሃል ያመራሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ በግራና በቀኝ ባሉት ግንቦች ጥላ ሥር ሰውን ከፀሐይ እየጋረዱ ያሳልፋሉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የዓለም ትኩረት ያረፈው በታሪኩ ላይ ነበር፤ ለነዳፊ ግን እስካሁን ሰው የሚኖርበት የመማሪያ ቦታ ነው።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሰዎች በተፈጥሮ የሚገናኙበትን አንድ ነጥብ ይምረጡ፤ ይህም ታክሲ ተራ፣ የትምህርት ቤት በር ወይም የሰፈሩ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ አራት የተለያዩ ሰዎችን ይጋብዙ፦ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ከአሳዳጊው ጋር፣ እንዲሁም በዊልቸር ወይም በነጭ በትር የሚንቀሳቀስ ነዋሪ። እያንዳንዳቸው ከነጥቡ ተነሥተው በተለያየ አቅጣጫ ለአምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎም ለአሥር ደቂቃ ይጓዙ፤ የደረሱበትም በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት። ምልክቶቹ ሲገናኙ የሚወጣው ቅርጽ ክብ አይሆንም፤ ትል እንደበላው ቅጠል ወዲህና ወዲያ የተቦደሰ ይሆናል። ቅርጹ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ሁሉ ችግር ያለበት ነው፤ ሄደው ሲያዩት አጥር፣ ገደል፣ ደረጃ፣ ወንዝ ወይም ሊሻገሩት የማይቻል አውራ ጎዳና ያገኛሉ። ከአራቱ ሰዎች ቅርጾች መካከል ንድፉ መመሥረት ያለበት በትንሹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለአዛውንቷ የተመቸ ሰፈር ለጎረምሳው ይመቻል፣ የጎረምሳው ግን ለአዛውንቷ አይመችም። በተለይ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀ በሚወርደው ከተማችን የዳገቱ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ሲወርዱ አምስት ደቂቃ የፈጀ መንገድ ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ አሥር ሊሆን ይችላልና፣ ልኬቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ይወሰድ።

ደረጃ 2፦ አቋራጮችን መዝግበው ዙሪያ ጥምጥሙን ያስሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይመድቡለት። ቆጠራው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በምሳ ሰዓት፣ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት እንዲሁም በእሑድ ጠዋት ይደረግ። በእያንዳንዱ ጊዜ በተመረጡ ነጥቦች ላይ ሰው ቁሞ የሚያልፈውን እግረኛ ይቁጠር፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን በኩል ጥሶ እንዳለፈ፣ ሸክም ይዞ እንደሆነና ከልጅ ጋር እንደሆነም ይጻፍ። ቢቻል አንዱ ቆጠራ በክረምት ይሁን፤ በጥር ደረቅ የነበረው አቋራጭ በነሐሴ ጭቃ ሲሆን ሰው በየት እንደሚዞር የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ቀላል ስሌት ይመጣል። ሰዎች ከሚነሡበት እስከሚደርሱበት ያለውን ቀጥተኛ ርቀት ይለኩ፤ በሕጋዊው መንገድ ሲሄዱ የሚጓዙትንም ይለኩ፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ። ለምሳሌ ከአንድ ብሎክ መግቢያ እስከ ታክሲ ፌርማታ ቀጥታው 150 ሜትር ሆኖ፣ በዋናው የሳይት በር ዞሮ ለመድረስ 420 ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ውጤቱ 2.8 ነው። ይህ ማለት ነዋሪው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መንገድ ይከፍላል ማለት ነው። እኔ የምሠራበት ልክ የሚከተለው ነው፤ ውጤቱ እስከ 1.3 ሲሆን መንገዱ መልካም ነው፣ ከ1.6 ካለፈ ግን አዲስ መተላለፊያ መከፈት አለበት።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አጥር ነው። ብዙ ሳይቶች በአንድ ወይም በሁለት የመኪና በሮች ብቻ እንዲከፈቱ ሆነው ታጥረዋል፤ ምክንያቱም ጸጥታ ነው፣ የነዋሪውም ስጋት እውነተኛ ነውና መናቅ የለበትም። ቀደም ሲል በኖርኩበት አንድ ሳይት በስተጀርባ ያለውን የአጥር ብረት ሰዎች አጣመው ማለፊያ አበጁ፤ ኮሚቴው አስጠገነው፤ ተመልሶ ተጣመመ። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አንዲት እናት በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ልጃቸው በፊት ለፊቱ በር ሲዞር ሁለት ጊዜ አስፋልት እንደሚሻገር፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያልፍ ግን አንድም ጊዜ እንደማይሻገር ነገሩን። ከዚያ በኋላ በቦታው 1.5 ሜትር ስፋት ያላት የእግረኛ በር ተከፈተች፤ ከጥበቃዎቹም አንዱ ወንበሩን ይዞ ወደዚያ ተዛወረ፤ በሩም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ተስማማን። ሰው የሚመላለስበት በር ዓይን የሚበዛበት በር ስለሆነ ከተደበቀው ቀዳዳ ይልቅ የተሻለ ጥበቃ ነበረው። በእርስዎም ሳይት ለእያንዳንዱ የአጥር ጎን ቢያንስ አንድ የእግረኛ በር እንዲኖር፣ በአንዱና በሌላው በር መካከል ያለውም ርቀት ከ150 ሜትር እንዳይበልጥ አድርገው ይንደፉ። አዲስ የሚገነባ መንደር ከሆነ ደግሞ አጥሩን በየሕንፃው ግቢ ዙሪያ መወሰንና በመካከል ያሉትን መንገዶች ለሕዝብ ክፍት መተው ከሁሉ የተሻለ ነው።

ደረጃ 3፦ የዕለት ተዕለት ነገሮችን በአምስት ደቂቃ ክልል ውስጥ ያስገቡ

የተዋበ የእግረኛ መንገድ ወደ ምንም የማያደርስ ከሆነ ማንም አይሄድበትም። ስለዚህ በደረጃ 1 ባገኙት ቅርጽ ውስጥ የሚከተሉት መኖራቸውን ያረጋግጡ፦ አጸደ ሕፃናትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጉልትና የአትክልት መሸጫ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የልጆች መጫወቻ እንዲሁም መቀመጫ ያለው ጥላ። ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአሥር ደቂቃው ክልል ቢሆኑ ይበቃል። የጎደለው ነገር በሙሉ በቀይ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱም የሚሆን ቦታ በካርታው ላይ ይፈለግለት።

ከመሃል ከተማ ርቀው በተሠሩት ሰፋፊ ሳይቶች ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሥራው፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ዘግይተው መጡ። የድሮዎቹ ሰፈሮች፣ ውቤ በረሃም ሆነ ገዳም ሰፈር፣ በቤት ጥራትና በንጽሕና ብዙ የሚጎድላቸው ቢሆንም ልብስ ሰፊው፣ ጠላ ቤቱ፣ ባለ ሱቁና መምህሩ በአንድ መንደር ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ያ ቅርበትና ቅይጥነት ወደ አዲሱ ንድፍ መሻገር አለበት። በተግባር የሚደረገውም ሰው በሚበዛባቸው አቋራጮች ዳር ያሉትን ሕንፃዎች ምድር ቤት ለሱቅና ለአነስተኛ ሥራ መመደብ፣ በራቸውንም ወደ ውስጥ ግቢ ሳይሆን ወደ መንገዱ መክፈት ነው። አንድ ወፍጮ ቤት ወይም ዳቦ ቤት በሕይወት እንዲኖር በአቅራቢያው በቂ ደንበኛ ይፈልጋልና፣ አራትና አምስት ፎቅ ያላቸው ተቀራርበው የተሠሩ ሕንፃዎች ተራርቀው ከተሠሩ ቪላዎች ይልቅ ለእግረኛ ሰፈር ይስማማሉ።

በመሬት አጠቃቀም በኩል የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተመሠረተበት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ክፍፍል ጥሩ መነሻ ነው። የመንገዱ 30 በመቶ ግን ሁሉም አስፋልት መሆን እንዳለበት የሚደነግግ ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ የመንገዱን ፍጥነትና ስፋት ይወስኑ

በሰፈር ውስጥ የሚነዳ ተሽከርካሪ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ሆኖ መንገዱ ይነደፍ። የሚመታ አካል የሚያደርሰው ጉዳት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ50 የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ወደ 2.8 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይዞ ይመጣል። ፍጥነት በታፔላ ብቻ አይቀነስም፤ ሾፌሩን የሚያዘገየው የመንገዱ ጠባብነትና የመታጠፊያው ጥበት ነው። በሁለት መጋጠሚያዎች መካከል ያለው ርቀት ከ80 እስከ 120 ሜትር ቢሆን እግረኛው ብዙ አማራጭ ያገኛል፣ መኪናውም ለመፍጠን ቦታ ያጣል። የማዕዘኖቹ ኩርባ ሰፊ ከሆነ መኪና ሳይቀንስ ስለሚታጠፍ፣ የኩርባውን ራዲየስ ከ4 ሜትር ማሳለፍ በሰፈር ውስጥ አስፈላጊ አይደለም፤ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባባቸው መጋጠሚያዎች ተለይተው ይታዩ።

ለምሳሌ በአጠቃላይ 12 ሜትር ስፋት ያለው የውስጥ መንገድ ቢሰጥዎ እንዲህ ይከፋፈል፦ በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ለዛፍ፣ ለመብራት ምሰሶና ለቦይ፣ መካከሉ 5 ሜትር ለባጃጅ፣ ለመኪናና ለብስክሌት። አምስት ሜትር ሁለት መኪናዎችን ዝግ ብለው ያስተላልፋል፤ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስም ይገቡበታል።

ስለ መሻገሪያ ጥቂት ልቆይ። ምርኩዝ የያዙ አዛውንት በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢራመዱ 14 ሜትር ስፋት ያለውን ጎዳና ለመሻገር 17 ሰከንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 240 ሜትር ያህል ይደርሳል። አዛውንቷ ያን ያህል አርቀው አይተው እንዲገምቱ መጠበቅ ፍርድ አይደለም። ስለሆነም ሰፊ ጎዳና በሚያጋጥምበት ቦታ በመካከሉ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው መቆሚያ ደሴት ይሠራ፤ ዜብራውም ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ ብሎ መኪናው የሚወጣበት ይሁን። የእግረኛ ድልድይን በመጨረሻ አማራጭነት ብቻ ያስቡ፤ ደረጃ ወጥቶ መውረድ ለዊልቸር የማይቻል፣ ለባለ ሸክም የሚከብድ ስለሆነ ሰዎች ከሥሩ መሻገራቸውን አይተዉም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመር በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች ቀድሞ አንድ የነበሩ ሰፈሮች በአጥር እንደተለያዩ ሁላችንም አይተናል፤ ሳይትዎ ከእንዲህ ዓይነት መሥመር ጋር የሚዋሰን ከሆነ በደረጃ 2 ያሰሉት ቁጥር ለሚመለከተው ክፍል የሚቀርብ ጠንካራ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ደረጃ 5፦ የእግረኛ መንገዱን ገጽ ይሥሩ

ከምሰሶ፣ ከዛፍና ከሱቅ ደረጃ ነጻ የሆነው የመራመጃ ስፋት ከ1.8 ሜትር በታች አይሁን፤ ሁለት ዊልቸሮች ሊተላለፉ የሚችሉት በዚህ ልክ ነው። የገጹ ዘንበልታ ወደ ቦዩ 2 በመቶ ያህል ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ዊልቸርን ወደ ጎን ይጎትታል። የጠርዝ ድንጋዩ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው በመሻገሪያው ላይ የሚሠራው ራምፕ ርዝመት 1.8 ሜትር መሆን አለበት፤ ይህ በ12 አንድ የሚባለው ተዳፋት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው የ40 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ራምፕ ሳይሆን ለጉዳት የተሠራ ወጥመድ ነው። የግቢ መግቢያ ባለበት ሁሉ መኪናው ወደ እግረኛው ከፍታ ይውጣ፤ እግረኛው ወደ መኪናው አይውረድ።

ኮብልስቶን በአገር ውስጥ ድንጋይና በሰው እጅ የሚሠራ፣ ለብዙ ወጣቶች ሥራ የሰጠ፣ ቱቦ ሲቀበር ተነቅሎ የሚመለስና የመኪናን ፍጥነት የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ለሰፈር መንገድ እወደዋለሁ። ለዊልቸር፣ ለሕፃናት ጋሪና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ግን ይሸካክራልና፣ በእግረኛው ክፍል ላይ ቢያንስ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ንጣፍ ይዘርጋለት። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ባለ መስመር ምልክት በምሰሶ ላይ እንዳያበቃ ከመነጠፉ በፊት አንድ ነጭ በትር የያዘ ነዋሪ አብሮ ይሂድበት። ክዳን የሌለው ቦይና የተሰረቀ የማንሆል ክዳን የሰው እግር የሚሰብር ስለሆነ በብረት ምትክ በሽቦ የተጠናከረ ኮንክሪት ክዳን ይመረጥ።

መብራቱ ለእግረኛው ይሁን። ከ4 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ያላቸው አጫጭር ምሰሶዎች ከረጃጅሞቹ ይልቅ የሰውን ፊት ያሳያሉ፤ ሴቶች በምሽት በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱና ከየትኛው እንደሚርቁ ጠይቀው የመጀመሪያዎቹን ምሰሶዎች በሚርቁት ላይ ይትከሉ።

ደረጃ 6፦ ለክረምቱ ውሃና ለበጋው ፀሐይ አስቀድመው ያስቡ

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። በዚህ ልክ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ይቀበላል፤ የአንድን ሳይት ጣሪያዎች ሁሉ ሲደምሩት ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ይገባዎታል። ይህ ውሃ በሙሉ ወደ ቦይ ከተለቀቀ ከታች ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ከየብሎኩ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በከፊል በታንከር ተጠራቅሞ ለጽዳትና ለአትክልት ይዋል፤ ቀሪው ከመንገዱ ዝቅ ብለው ወደ ተሠሩ፣ በጠጠርና በሣር ወደ ተሞሉ መደቦች ይግባና ወደ መሬት ይስረግ። ቦዩ ከእግረኛው መንገድ በታች ሳይሆን ከጎኑ በዛፉ መስመር ቢያልፍ ለጠረጋ ይመቻል።

ዛፎቹ በየ8 ሜትሩ ይተከሉ። ዋንዛ ሰፊ ጥላ ይሰጣል፤ ወይራ ድርቅ ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ዝግባ ቢዘገይም የልጅ ልጆቻችን ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን በማገዶና በቤት ሥራ ያኖረ ባለ ውለታ ቢሆንም ለመንገድ ዳር አይሆንም፤ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ቅርንጫፉም ይገነጠላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት በኩል አጫጭር ዛፎች ይመረጡ። ችግኝ በሐምሌ ተተክሎ በጥር ውሃ የሚያጠጣው ከሌለ የተተከለው ለፎቶግራፍ ብቻ ነውና፣ እያንዳንዱ ችግኝ ቢያንስ ለሁለት በጋ የሚንከባከበው ብሎክ በስም ተመድቦ ይጻፍ። ሙቀቱ እንደ ድሬዳዋ በሚበረታበት ከተማ ይህ ደረጃ ከደረጃ 3 በፊት ይምጣ፤ የከዚራን መንገዶች ለመራመድ የሚያስወድዷቸው ጥላ የሚያለብሷቸው ዛፎች ናቸው።

ደረጃ 7፦ ለድንኳን፣ ለእድርና ለልጆች ሜዳ ይተዉ

ከውጭ አገር የተቀዱ ንድፎች ይህን አያውቁትም። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ሠርግ ሲሆን ድንኳን ይተከላል፤ ለበዓል በግ ይታረዳል፤ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ያስፈልጋል። ለዚህ ቦታ ካልተተወ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል፣ ሦስት ቀን መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንስ መግቢያ ያጣል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይኳረፋል። በጋራ መኖሪያ ሳይቶች ለማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለስብሰባ ተብለው የተሠሩት የጋራ መገልገያ ቤቶች ሐሳባቸው ትክክል ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን ተከራይተው ወይም ተቆልፈው ከታለመላቸው አገልግሎት ወጥተዋል። በእርስዎ ሳይት የመጀመሪያው ሥራ እነዚህን ማስከፈት ሊሆን ይችላል።

አዲስ ሲነደፍ በየ200 እስከ 300 አባወራ አንድ ሜዳ ይመደብ። ስፋቱ ቢያንስ 20 በ30 ሜትር ሆኖ፣ መሬቱ የተደላደለና ውሃ የማይተኛበት፣ የድንኳን ካስማ ለማሰር በዳርና በዳሩ የብረት ቀለበት የተቀበረበት፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት ሶኬት ያለው፣ በአንድ ጎኑ የእድር ዕቃ ቤት የተጠጋለት ይሁን። ድንኳን በሌለበት ቀን ሁሉ ይህ ሜዳ የልጆች ኳስ መጫወቻ ነው፤ በዳሩ ከዛፍ ሥር ያለው መቀመጫ ደግሞ የአዛውንቶች ይሁን። ልጆቹ ከቤታቸው ወደዚህ ሜዳ ሲመጡ የመኪና መንገድ መሻገር የለባቸውም፤ ይህን መስፈርት ያላሟላ ቦታ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ሌላ ይፈለግለት።

ደረጃ 8፦ ጉልት ቸርቻሪዎችን በንድፉ ውስጥ ያካትቱ

እግረኛ በሚበዛበት ሁሉ ጀበና ቡና፣ ሊስትሮ፣ በቆሎ ጠባሽና ቲማቲም ሻጭ ይኖራሉ። ማሳደድ መንገዱን አያጸዳውም፤ ቦታ መስጠት ግን ሥርዓት ያስይዘዋል። በዛፉ መስመር ውስጥ በየተወሰነ ርቀት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆኑ መደቦች ተለይተው በቀለም ይከበቡ፤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ በአጠገባቸው ይቀመጥ፤ መደቡ የሚሰጠውም አስቀድሞ በዚያው ስፍራ ለሚሠሩት ይሁን።

ደረጃ 9፦ ከመገንባት በፊት በኖራና በጎማ ይሞክሩ

ንድፉን ወደ ኮንክሪት ከመለወጥዎ በፊት ለአንድ ወር በቦታው ይሞክሩት። አዲሱን የእግረኛ መስመር በኖራ ያስምሩ፤ የሚጠበበውን መታጠፊያ ቀለም በተቀቡ አሮጌ ጎማዎች ይከልሉ፤ የታሰበውን ሜዳ ለአራት እሑዶች ከመኪና ነጻ ያድርጉ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በተመረጡ እሑዶች ጎዳናዎችን ለእግረኛ ስትከፍት ሕዝቡ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ወጥቶ ሲራመድ፣ ልጆችም አስፋልት ላይ ሲጫወቱ ታይቷል። ያ በዋና ጎዳና ከተቻለ በሳይት ውስጥ መንገድማ አያቅትም። በሙከራው ወቅት ቅሬታ ያላቸውን ባለ መኪናዎች፣ ባለ ሱቆችና የባጃጅ ሾፌሮች በግንባር ያነጋግሩ፤ የሚሉት ትክክል ሆኖ ከተገኘ ጎማውን ማንሳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተገነባን ግንብ ማፍረስ ግን የበጀት ዓመት ይጠይቃል።

ደረጃ 10፦ ሕጋዊ መሠረቱን ያስይዙ

በሳይት አጥር ውስጥ ያለውን የጋራ መሬት በተመለከተ ወሳኙ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤው ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከአጥር ውጭ ያለው መንገድ የከተማው ነውና የቆጠራ ሰንጠረዡን፣ የዙሪያ ጥምጥም ስሌቱንና የሙከራውን ፎቶግራፍ አያይዘው ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ያቅርቡ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የሚዘጋጀው የአካባቢ ልማት ፕላን ገና በረቂቅ ላይ ከሆነ አቋራጮችዎን በካርታው ለማስገባት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ጋር የሳይትዎን የውስጥ መንገድ ማገናኘት ትልቅ ጥቅም አለው። ንድፉ የሰው ቤት የሚነካ ከሆነ ግን ነባሩ ነዋሪ በዚያው ሰፈር ወይም በአቅራቢያው የሚቆይበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሱቁን፣ እድሩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት በእግሩ ያገኝ የነበረን ሰው ወደ ዳር አውጥቶ ለቀሪዎቹ ለእግረኛ የሚመች ሰፈር መሥራት ዘላቂ ሊባል አይችልም።

ደረጃ 11፦ ይጠግኑ፣ እንደገናም ይቁጠሩ

ከማኅበሩ ወርኃዊ መዋጮ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ድርሻ ለብቻው ይመደብ። ቦዮች በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ይጠረጉ፤ በመስከረም ደግሞ ጎርፍ የነቀላቸው ድንጋዮች ይመለሱ። በእግረኛ መንገድ ላይ አሸዋና ጠጠር የሚደፋ ግንበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ፤ የቆመ መኪናም በዚያው ደንብ ይታይ።

ሥራው በተጠናቀቀ በዓመቱ፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ በጥቅምት፣ በደረጃ 2 በቆሙባቸው ነጥቦች ላይ በእነዚያው ሰዓታት ተመልሰው ይቁሙ። ስንት እግረኛ እንዳለፈ፣ ስንት ልጅ ያለ አሳዳጊ እንደሄደ፣ ስንት አዛውንት በመቀመጫው እንዳረፉ ይጻፍ። አዲስ የተረገጠ ሣር ወይም አዲስ የተጣመመ ብረት ካዩ በካርታው ላይ ያስገቡት፤ ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን አድርገውም ሁሉም እንዲያያቸው በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ይለጥፉ።